ላውንድስ ካውንቲ፣ አላባማ፦ ከአፈሩ የሚጀምር ታሪክ

ስለ አሜሪካ ስናወራ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጡት ከተሞቹ ናቸው፤ ዋሽንግተን፣ አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሎስ አንጀለስ። አገሩ ግን ከ3,100 በላይ ካውንቲዎች አሉት፤ የሚበዙትም ገጠር ናቸው። ከእነሱ አንዱን ብቻ መርጬ ላስረዳ፦ በአላባማ ግዛት የሚገኘውን ላውንድስ ካውንቲን። በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቹ 10,311 ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን ይህን ስፍራ በደንብ የተረዳ ሰው የአሜሪካን ባርነት፣ የጥቁሮችን የምርጫ መብት ትግልና እስከ ዛሬ የዘለቀውን የገጠር ድህነት አንድ ላይ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። የሁሉም መነሻ አፈሩ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ካውንቲ ምንነት ጥቂት ልበል። ካውንቲ ከግዛቱ መንግሥት ቀጥሎ ያለው የአስተዳደር እርከን ነው፤ አላባማ 67 አላት። ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው የካውንቲውን ስም እንኳ ሳያውቅ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። ገጠር ግን መንግሥት ማለት ካውንቲው ነው። የሚያስረው በሕዝብ የሚመረጠው የካውንቲው የፖሊስ አለቃ፣ ሸሪፉ ነው። መራጮችን የሚመዘግበው፣ ካልፈለገም የሚመልሰው፣ የካውንቲው መዝጋቢ ነው። የመሬቱን ግብር የሚተምነው፣ ትምህርት ቤቱን የሚመራው ሁሉ እዚያው ነው። ወንጀል ተፈጽሞ ክስ ሲመሠረት ፍርድ የሚሰጡት የጁሪ አባላትም የሚመረጡት ከካውንቲው ነዋሪዎች መካከል ነው። ይህን ልብ ያላለ ሰው ከታች የማነሳው ትግል ለምን በሸሪፍ ወንበር ዙሪያ እንደተካሄደ አይገባውም።

ቦታው

ላውንድስ በምሥራቅ የግዛቱ ዋና ከተማ ሞንትጎመሪ ካለችበት ካውንቲ፣ በምዕራብ ሰልማ ካለችበት ዳላስ ካውንቲ ጋር ይዋሰናል። በሰሜን ድንበሩ የአላባማ ወንዝ ነው። ሞንትጎመሪንና ሰልማን የሚያገናኘው 80 ቁጥር አውራ ጎዳና ካውንቲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጠዋል። ስፋቱ ወደ 1,880 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በዚህ ሁሉ መሬት ላይ ግን ከተማ የሚባል ከተማ የለም። መቀመጫው ሄይንቪል ከ1,000 ሰው በታች የሚኖርባት ናት። ትልቋ ፎርት ዲፖዚትም ብትሆን 1,500 አትሞላም። የቀረው ሰው በዋይት ሆል፣ በሞሰስ፣ በጎርደንቪል፣ በላውንድስቦሮ፣ በሌቶሃቺና በየጥጋጥጉ ተበታትኖ ይኖራል።

ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ይህ አካባቢ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። የጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ለሚሊዮን ዓመታት ወለሉ ላይ ሲከማች ነጭ የጠመኔ ድንጋይ ሆነ፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች በአቅራቢያዋ ከተማ ስም የሰልማ ጠመኔ ብለው ጠርተውታል። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ከድንጋዩ ላይ ጥቁር አፈር ተፈጠረ። የሸዋን ወይም የጎጃምን ዋልካ የሚያውቅ ሰው ይህን አፈር ለመረዳት አይቸገርም፦ ሲዘንብበት ያብጣል፣ ጫማ ይይዛል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሰብል ያበቅላል፣ ውሃ ግን ወደ ውስጥ አያሰርግም። በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስለሚጥል ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል። በደቡብ በኩል አሸዋማ ኮረብታዎች አሉ፤ የካውንቲውን ዕድል የወሰነው ግን የሰሜኑና የመሃሉ ጥቁር መሬት ነው።

ይህ አፈር አላባማን አቋርጦ እስከ ሚሲሲፒ ይዘልቃል፤ ብላክ ቤልት፣ ማለትም ጥቁር ቀበቶ፣ ይሉታል። የአፈሩን ሁለት ጠባይ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፦ ለምነቱን፣ እና ውሃ አለማሳለፉን። የመጀመሪያው ባርነትን ጎትቶ አመጣ። ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ ሰዎች ጓሮ ውስጥ ፍሳሽ እንዲተኛ አድርጓል።

ከማስኮጊዎች እስከ ጥጥ

የመሬቱ ባለቤቶች ክሪክ እየተባሉም የሚጠሩት የማስኮጊ ሕዝቦች ነበሩ። በ1813 በማስኮጊዎች መካከል የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ከአሜሪካ ጋር ወደ መዋጋት ተሸጋገረ። በታኅሣሥ 23 ቀን 1813 የጄኔራል ክሌይቦርን ጦር ዛሬ ላውንድስ በሚባለው ምድር፣ በአላባማ ወንዝ ዳር፣ ቅዱስ ምድር ትባል የነበረችውን የማስኮጊዎች ሰፈር አጠቃ። መሪያቸው ዊልያም ዌዘርፎርድ በፈረሱ ከገደል ወደ ወንዙ ዘሎ አመለጠ ተብሎ እስከ ዛሬ ይተረካል። ፎርት ዲፖዚት ስሟን ያገኘችው ያ ጦር ስንቁን ካከማቸበት ምሽግ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ በተፈረመው የፎርት ጃክሰን ውል ማስኮጊዎች ከ20 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት እንዲለቁ ተገደዱ። ከአሜሪካ ጦር መሪ ከአንድሩ ጃክሰን ጎን ቆመው የተዋጉት ማስኮጊዎች መሬት ጭምር ተወሰደ። በአላባማ የቀሩትም በ1830ዎቹ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ በግዳጅ ተጋዙ።

መሬቱ እንደተከፈተ ከቨርጂኒያ፣ ከሁለቱ ካሮላይናዎችና ከጆርጂያ ነጭ ሰፋሪዎች ጎረፉ። እዚያ ያለው አፈር በትንባሆና በጥጥ ደክሞ ነበር፤ እዚህ ያለው ገና ያልተነካ ነው። ካውንቲው በጥር 1830 ሲቋቋም በደቡብ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል በዊልያም ላውንድስ ተሰየመ፤ መቀመጫው ሄይንቪልም የዚያው ግዛት ሴናተር በነበረው በሮበርት ሄይን። ስሞቹ ሰፋሪዎቹ ከየት እንደመጡ ይናገራሉ።

ጥጡን የተከሉትና የለቀሙት ግን ሌሎች ናቸው። ከ1808 ጀምሮ ከአፍሪካ ባሪያ ማስገባት በሕግ ስለተከለከለ አዲሱ የጥጥ ምድር የሚፈልገው ጉልበት የሚመጣው ከራሱ ከአሜሪካ ውስጥ ነበር። ሰዎች ከቨርጂኒያና ከካሮላይና በሰንሰለት ታስረው በእግር፣ በመርከብ፣ ኋላም በባቡር እየተነዱ መጡ፤ ሞንትጎመሪ ትልቅ የባሪያ ገበያ ሆነች። እናት ከልጅ፣ ባል ከሚስት እዚያ ተለያዩ። በ1860ው ቆጠራ የላውንድስ ነዋሪ 27,716 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 19,340ው በባርነት የተያዙ ነበሩ። ነጻ ተብለው የተመዘገቡት ጥቁሮች 14 ብቻ ናቸው። ዛሬ በካውንቲው የሚኖረው ሰው በሙሉ ቢደመር በዚያ ዓመት በባርነት ከነበሩት ሰዎች ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ብላክ ቤልት በዚያን ጊዜ ለባለ መሬቶቹ ከአገሪቱ ሀብታም አካባቢዎች አንዱ ነበር። "ድሃ ካውንቲ" የሚለው ቃል በዜና ሲነሳ ይህ መረሳት የለበትም። ከዚህ አፈር የወጣው ሀብት ብዙ ነው፤ ያወጡት ሰዎች እጅ ግን አልገባም።

ጭሰኝነት

በ1865 ባርነት ሲያበቃ ነጻ የወጡት ሰዎች መሬት አልተሰጣቸውም። መሬቱ ከቀድሞ ጌቶች ዘንድ ቀረ፤ ሠራተኞቹ ጭሰኛ ሆኑ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ባለ መሬቱ ጎጆ፣ በቅሎና ዘር ይሰጣል። ቤተሰቡ ጥጡን ያመርታል፤ ምርቱ እኩል ይካፈላል። እስከዚያ ድረስ ግን የሚበላው የለውምና ዱቄቱን፣ ጨውና ስኳሩን፣ ልብሱን ከባለ መሬቱ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ዋጋውን የሚተምነውም፣ ወለዱን የሚያሰላውም፣ ደብተሩን የሚይዘውም ባለ መሬቱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሲተሳሰቡ ብዙውን ጊዜ ዕዳው ከድርሻው በልጦ ይገኛል፤ ዕዳውም ለሚቀጥለው ዓመት ይዞራል። ሒሳቡ ልክ አይደለም ያለ ሰው ይባረራል፤ ከዚያ የባሰም ይደርስበታል። በ1935 በላውንድስ የጥጥ ለቃሚዎች የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ የገጠማቸው ጥይት ነው።

ባርነትን ካስቆመው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ጥቁሮች ድምፅ ሰጥተው ተመራጮችም ሆነው ነበር። ይህን የ1901ዱ የአላባማ ሕገ መንግሥት ዘጋው፤ የምርጫ ግብር፣ የማንበብና መጻፍ ፈተና፣ የንብረት መስፈርት ተደነቀረ። ያለ ፍርድ መግደል የተለመደ ስለነበር ካውንቲው "ደም ያለበት ላውንድስ" የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1947 ኤልሞር ቦሊንግ የተባለ ጥቁር ነጋዴ በላውንድስቦሮ ተገደለ፤ የጭነት መኪናዎች ነበሩት፣ ሱቅ ነበረው፣ ለሰው ሥራ ይሰጥ ነበር። ጥፋቱ ይህ ነው።

የሕዝቡ ቁጥር ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1900 ነው፤ 35,651። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ጥቂት ቢያንሠራራም በአጠቃላይ ሲወርድ ነው የኖረው። የጥጥ ነቀዝ መጣ፤ የሰሜን ፋብሪካዎች ሠራተኛ ፈለጉ፤ ኋላም ትራክተርና የጥጥ መልቀሚያ ማሽን የሰውን እጅ ተኩ። ሰው ወደ ዲትሮይት፣ ወደ ቺካጎና ወደ ክሊቭላንድ ሄደ። የ1960ው ቆጠራ ላይ ስንደርስ የቀረው 15,417 ነበር፤ ከአምስቱ አራቱ ጥቁር።

ከዚህ ሁሉ መሃል አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፤ ኋላ ላይ ዋጋው ስለታየ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። በ1892 ሁለት ከሰሜን የመጡ ሴቶች፣ ሻርሎት ቶርንና ሜብል ዲሊንግሃም፣ በታወቀው ጥቁር የትምህርት መሪ በቡከር ቲ ዋሽንግተን ድጋፍ በካልሁን መንደር ለጥቁሮች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ ከማስተማር ባሻገር ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች እየተገዙ ለጥቁር ቤተሰቦች ተከፋፍለው እንዲሸጡ አመቻቸ። በዚህ መንገድና በራሳቸው ጥረት ጥቂት ቤተሰቦች የራሳቸው መሬት ባለቤት ሆኑ። የራሱ መሬት ያለውን ሰው ማንም "ውጣ" ሊለው አይችልም።

ዜሮ

በ1965 መጀመሪያ ላይ በላውንድስ ለመምረጥ ዕድሜያቸው የደረሰ 5,122 ጥቁሮች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል በመራጭነት የተመዘገበው ዜሮ ነው፤ አንድም ሰው አልነበረም። ነጮች ዘንድ ለመምረጥ የደረሰው 1,900 ሰው ሲሆን፣ መዝገቡ ላይ የሰፈረው 2,240 ነበር። የሞቱና አካባቢውን የለቀቁ ሰዎች ስም አልተሰረዘም፤ በሕይወት ያሉ ጥቁሮች ግን ስማቸውን ማስገባት አልቻሉም። የምዝገባ ቢሮው የሚከፈተውም በወር ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

በዚያ መጋቢት ላይ ጆን ሁሌት የተባለ የአገሬው ሰው ጎረቤቶቹን አስተባብሮ ለምዝገባ ሄደ። እሱና አንድ ሌላ ሰው ተመዘገቡ፤ በ60 ዓመት ገደማ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ መሆናቸው ነው። በዚያው ወር የላውንድስ ካውንቲ ክርስቲያናዊ የሰብዓዊ መብት ንቅናቄ ተመሠረተ።

ለጥቁሮች የምርጫ መብት የተደረገው፣ ዓለም የሚያውቀው የሰልማ–ሞንትጎመሪ ሰልፍ ከመጋቢት 21 እስከ 25 የተጓዘው በዚህ ካውንቲ ውስጥ ነው። ከ54 ማይሉ ብዙው ክፍል ላውንድስ ነው። መንገዱ እዚህ ሁለት መስመር ብቻ ስለነበረው ፍርድ ቤቱ በዚህ ክፍል ከ300 ሰው በላይ እንዳይሄድ ወስኖ ነበር። ሰልፈኞቹ ሁለተኛውን ሌሊት ያደሩት በሮዚ ስቲል እርሻ ላይ ነው። እሷ ጥቁር ባለ መሬት ነበረች። ጭሰኛ ብትሆን ኖሮ በማግስቱ ትባረር ነበር። ሰልፉ ባበቃበት ሌሊት ከዲትሮይት የመጣችው የአምስት ልጆች እናት ቫዮላ ሉዞ ሰልፈኞችን በመኪናዋ ስታመላልስ በ80 ቁጥር መንገድ ላይ፣ ላውንድስ ውስጥ፣ የነጭ የበላይነትን በሚያራምደው በኩ ክለክስ ክላን አባላት ተተኩሶባት ሞተች።

ነሐሴ 6 ቀን 1965 የምርጫ መብት ሕግ ተፈረመ። በቀናት ውስጥ የፌዴራል መዝጋቢዎች ፎርት ዲፖዚት ገቡ፤ ሕጉ በቅድሚያ ከተተገበረባቸው ካውንቲዎች አንዱ ላውንድስ ነበር። ነሐሴ 20 ቀን ጆናታን ዳንኤልስ የተባለ የ26 ዓመት የነገረ መለኮት ተማሪ ከእስር ተፈትቶ ሄይንቪል ውስጥ ለስላሳ ሊገዛ ወደ አንዲት ሱቅ ሲሄድ አንድ ነጭ ሰው ጠመንጃ ደገነ። ዳንኤልስ ሩቢ ሴልስ የተባለችውን የ17 ዓመት ልጅ ገፍትሮ ራሱ ፊት ለፊት ቆመ፤ ጥይቱም እሱን ገደለው። ገዳዩ ሄይንቪል ፍርድ ቤት ቀርቦ ሁሉም ነጭ ወንዶች በሆኑበት ጁሪ ነጻ ወጣ። በሉዞ ግድያ የተከሰሰውም በዚሁ ፍርድ ቤት በመጀመሪያው ችሎት ጁሪው ሳይስማማ ቀረ፣ በሁለተኛው ነጻ ተባለ፤ የኋላ ኋላ ከሁለት ግብረ አበሮቹ ጋር 10 ዓመት የተፈረደበት በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ካውንቲ ማለት ምን እንደሆነ ከላይ ያልኩት እዚህ ላይ ይታያል፦ መዝጋቢውም፣ ሸሪፉም፣ ጁሪውም የአንድ ወገን ነበሩ። በየካቲት 1966 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ላውንድስ ጥቁሮችንና ሴቶችን ከጁሪ ማግለሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ።

የምርጫ ካርድ ያወጡ ጭሰኞች ከእርሻው ውጡ ተባሉ። መሄጃ ያጡትን ንቅናቄው ዋይት ሆል አጠገብ፣ ከ80 ቁጥር መንገድ ዳር በጥቁሮች በተገዛ ስድስት ኤከር መሬት ላይ ድንኳን ተክሎ አስጠለላቸው። የድንኳን ከተማ ተባለ። ከመንገዱ በሌሊት ይተኮስባቸው ነበር፤ ሰዎቹ ግን ከሁለት ዓመት በላይ እዚያ ቆዩ፤ ልጆችም ያደጉት በዚያ ጭቃ ላይ ነው።

እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር ስላለ ጣልቃ ልግባ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 3 ቀን፣ ያው ኮንግረስ ያወጣው አዲስ የኢሚግሬሽን ሕግ ተፈረመ። አውሮፓውያንን ብቻ የሚያስቀድመውን የኮታ ሥርዓት ያስቀረው ይህ ሕግ ነው፤ ቤተሰብ ማምጣትን መሠረት ያደረገው አሠራርም ከእሱ የመጣ ነው። ሁለቱም ሕጎች የወጡት በአንድ የፖለቲካ ማዕበል ውስጥ ነው። አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ በቤተሰብ ጥሪ ሲመጣ ለዚህ ማዕበል ዋጋ የከፈሉት እነዚህ ጭሰኞች መሆናቸውን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ጥቁሩ ግስላ

መራጭ ሆኑ፤ ግን ማንን ይምረጡ? የአላባማ ዲሞክራቲክ ፓርቲ ምልክት ነጭ አውራ ዶሮ ሲሆን፣ አጠገቡ የነጭ የበላይነትን የሚያውጅ መፈክር ተጽፎ ነበር። ወጣቱ ስቶክሊ ካርማይክል፣ በኋላ ክዋሜ ቱሬ የተባለው፣ ስኒክ ከተባለው የተማሪዎች ድርጅት ባልደረቦቹ ጋር ላውንድስ ገብቶ ነበር። የድርጅቱ አጥኚዎች በአላባማ ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አገኙ፦ በአንድ ካውንቲ ብቻ የሚሠራ ነጻ ፓርቲ ማቋቋም ይቻላል። በዚህ መሠረት የላውንድስ ካውንቲ የነጻነት ድርጅት ተወለደ፤ ሊቀመንበሩም ጆን ሁሌት ሆነ።

ማንበብ ለማይችሉ መራጮች ሲባል ሕጉ ፓርቲዎች ምልክት እንዲኖራቸው ያዛል። እነሱ የመረጡት ጥቁር ግስላ ነው፤ ሥዕሉ የተወሰደው አትላንታ ካለ የጥቁሮች ኮሌጅ መለያ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ስብሰባ ተደረገ። በሥዕል የተሠሩ ትንንሽ ጽሑፎች ታደሉ፦ የሸሪፍ ሥራ ምንድን ነው? የግብር ገማች ምን ይሠራል? የትምህርት ቦርድስ? ዕድሜውን ሙሉ ሸሪፉን ሲፈራ የኖረ ሰው ሸሪፍ የሚቀጠርና የሚባረር መሆኑን ከዚያ ተማረ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ልብ ይህ ነው፤ ከታወቁት ንግግሮችና ሰልፎች በላይ እነዚያን ወረቀቶች አደንቃለሁ።

ግንቦት 3 ቀን 1966 ወደ 900 የሚጠጋ ሰው ሄይንቪል ውስጥ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ዕጩዎቹን መረጠ። በኅዳር ምርጫ ሁሉም ተሸነፉ። ባለ መሬቶች ጭሰኞቻቸውን በመኪና እየጫኑ ለነጭ ዕጩዎች እንዲመርጡ አድርገዋል። ያም ሆኖ ዕጩዎቹ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አገኙ፤ ለፓርቲነት የሚያስፈልገው ደግሞ 20 በመቶ ነበር። በዚያው ጊዜ በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ሁለት ወጣቶች፣ ሂዊ ኒውተንና ቦቢ ሲል፣ የግስላውን ምልክት ተውሰው ብላክ ፓንተር፣ ማለትም ጥቁር ግስላ፣ ፓርቲን መሠረቱ። ብዙ ሰው ምልክቱ ከኦክላንድ የመጣ ይመስለዋል፤ መነሻው ግን የላውንድስ የምርጫ ወረቀት ነው።

በ1970 ጆን ሁሌት የላውንድስ ካውንቲ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ። ከ20 ዓመት በላይ በሸሪፍነት አገለገለ።

ወንበሩ ተገኘ፣ መሬቱስ?

የፖለቲካ ሥልጣኑ ተያዘ፤ ሀብቱ ግን ባለበት ቀረ። ሰፋፊው መሬት በጥቂት ባለቤቶች እጅ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እዚያ አይኖሩም። ጥጡ ለከብት ግጦሽ፣ ለድርቆሽ፣ ለአኩሪ አተርና ለጥድ ደን ቦታውን ለቀቀ፤ እነዚህ ብዙ ሰው አይቀጥሩም። የአላባማ የንብረት ግብር ከአገሪቱ ዝቅተኛዎቹ አንዱ ሲሆን፣ የእርሻና የደን መሬት ደግሞ የበለጠ ቅናሽ አለው። የገጠር ካውንቲ ገቢ ከመሬት ነው፤ መሬቱ ካልተገበረ ትምህርት ቤቱም መንገዱም ገንዘብ ከየት ያመጣል? የነጮችና የጥቁሮች የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉ ነጭ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት ወሰዱ። በወንዙ ዳር በርክቪል ላይ ትልቅ የፕላስቲክ ፋብሪካ አለ። ከዚያ ውጭ ብዙው ሰው ለሥራ ወደ ሞንትጎመሪ ይመላለሳል።

ከነዋሪዎቹ ከአሥሩ ሰባቱ ጥቁር ናቸው፤ ነጮች ከሩብ ጥቂት ይበልጣሉ። ወጣቱ ሲወጣ የቀረው ሕዝብ እያረጀ ነው። በ2000 ከ13,000 በላይ የነበረው ሕዝብ በ20 ዓመት ውስጥ ከ3,000 በላይ ቀንሷል።

አንድ ሌላ የመሬት ጣጣም አለ። የድሮዎቹ ጥቁር ባለ መሬቶች ብዙዎቹ ኑዛዜ ሳይጽፉ ሞቱ፤ ጠበቃም ፍርድ ቤትም አያምኑም ነበርና። መሬቱ ለልጆች፣ ከዚያ ለልጅ ልጆች ሳይከፋፈል ዞረ። ዛሬ በአንድ ማሳ ላይ ዲትሮይትና ቺካጎ ያሉት ጭምር በርካታ ወራሾች መብት ይኖራቸዋል። የስም ወረቀቱ ስላልጠራ ባንክ በመሬቱ አያበድርም፤ የመንግሥት የቤት እርዳታም ለማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ሰው ቤት ከመሥራት ይልቅ በየዓመቱ ዋጋው የሚወርድ ትሬለር፣ ማለትም ተጎትቶ የሚመጣ ቤት፣ ገዝቶ ያቆማል።

ፍሳሹ

የአፈሩ ሁለተኛ ጠባይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የከተማ ፍሳሽ መስመር በማይደርስበት ገጠር እያንዳንዱ ቤት ሴፕቲክ ታንክ ይኖረዋል። ጠጣሩ ታንኩ ውስጥ ይቀራል፤ ውሃው በተበሱ ቱቦዎች ወደ መሬት ገብቶ አፈሩ ያጣራዋል። ከመቅበር በፊት ባለሙያ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ውሃ ይሞላበታል፣ ውሃው አንድ ኢንች ዝቅ እስኪል ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ይይዛል። በአሸዋማ መሬት ውሃው ዓይን እያየ ይሰርጋል። በላውንድስ ጥቁር አፈር ላይ ውሃው ባለበት ይቆማል።

እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ተራው ታንክ አይሠራም፤ ዝናብ ሲበዛ ቆሻሻው በመታጠቢያ ገንዳና በመጸዳጃው በኩል ወደ ቤት ይመለሳል። መፍትሔው ከሌላ ቦታ አፈር አምጥቶ ጉብታ መሥራትና ፍሳሹን በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ነው፤ ይህ ከ15,000 እስከ 30,000 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስወጣል። ትሬለሩ ራሱ ከዚህ ያነሰ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። አቅም የሌለው ሰው ከመጸዳጃው አንድ የፕላስቲክ ቱቦ አውጥቶ ከቤቱ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ወደ ቦይ ወይም ወደ ቁጥቋጦ ይለቀዋል። ልጆች የሚጫወቱት እዚያው አጠገብ ነው። በትክክል የሚሠራ የፍሳሽ ማስወገጃ የሌላቸው ቤቶች ስንት ናቸው የሚለው ግምት በጣም ይለያያል፤ ዝቅተኛው ግምት እንኳ ከአሥር ቤት አራቱ ይላል።

ግዛቱ ለዓመታት የሰጠው መልስ ቅጣት ነበር። ፍሳሽ ሜዳ ላይ መልቀቅ በአላባማ ወንጀል ስለሆነ ድሆች የሚከሰሱበት፣ የእስር ማስፈራሪያ የሚደርሳቸው ሆኑ። ለመሥራት ገንዘብ የሌለውን ሰው ባለመሥራቱ መክሰስ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው። የላውንድስ ልጅ ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ ጉዳዩን ይዛ ለ20 ዓመታት ደጅ ጠናች፤ ጋዜጠኞችን፣ ሴናተሮችን፣ በ2017 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የድህነት ጉዳይ መርማሪ ፊሊፕ አልስተንን ወደ እነዚህ ጓሮዎች አመጣች። በዚያው ዓመት የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ከተመረመሩ 55 ሰዎች 19ኙ ላይ የሁክዎርም ምልክት አገኘ። በአሜሪካ ጠፋ የተባለ፣ በእግር ቆዳ በኩል የሚገባ የአንጀት ትል ነው። የናሙናው ብዛት ትንሽ ቢሆንም ውጤቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ፍላወርስ በ2020 የማክአርተር ሽልማት አገኘች።

በኅዳር 2021 የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር የአላባማን የጤና መምሪያ የዘር መድልዎን በሚከለክለው ሕግ መሠረት መመርመር ጀመረ። በግንቦት 2023 ስምምነት ላይ ተደረሰ፦ መምሪያው ነዋሪዎችን መክሰሱን ያቆማል፣ የትኛው ቤት ምን እንደሚያስፈልገው ያጠናል፣ ዕቅድ ያወጣል። በሚያዝያ 2025 አዲሱ የትራምፕ አስተዳደር ስምምነቱን ሰረዘው፤ የሰጠው ምክንያት የብዝኃነትና የአካታችነት ፕሮግራሞችን የሚከለክለውን የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ ነው። የግዛቱ ጤና መምሪያ በበኩሉ የፍሳሽ ማስወገጃ መትከል በሕግ የተሰጠው ኃላፊነት እንዳልሆነ ገልጾ፣ የተመደበው ገንዘብ እስኪያልቅ ግን ሥራው ይቀጥላል ብሏል። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ታንክ ያልደረሳቸውን ቤቶች ማን እንደሚሠራላቸው የተጻፈ ግዴታ የለም።